የክፍሎም ሰጋጆች

ባለፈው ሰሞን ኦክላንድ፣ አፕታውን በሚሉት ሰፈር አውቶብስ ስጠብቅ፣ በአረንጓዴ ሸራ ከታጠረ ጅምር ሕንፃ ውስጥ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው ልብም ሳይለው ያልፋል። እኔ ግን አውቶብሱ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶና ዘግቶ እስኪሄድ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ሹፌሩ አሮጊቷ ሐሳቧን ቀየረች ብሎ ይሆናል። በዚያ ማዕዘን ላይ ድሮ የዊግ መሸጫ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ጫማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ተረከዝ ሊቀይሩ የሰጧቸውን ጫማ ሳይጠየቁ ወልውለው የሚመልሱ። አሁን ቦታው ሰዎች ከነውሻቸው የሚገቡበት ቡና ቤት ሆኗል። እዚያ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ያኔ ሦስት ጊዜ አውቶብስ ያሳፍር ነበር።

ያ ሽታ ለእኔ የባሌ ሽታ ነው። ክፍሎም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቱ ሳን ፓብሎ ከተማ፣ አንድ የሲሚንቶ ግቢ ውስጥ ይሠራ ነበር። ግቢው ለሰው ጓሮ የሚሆን ነገር ሁሉ ይፈበረክበታል፤ ውኃ የሚተፋ አንበሳ፣ እጅ የሌላት ሴትዮ፣ ምንም የማይሸከም ዓምድ። ዘመኑ ስልክ ታጥፎ ቀበቶ ላይ የሚሰካበት፣ አገር ቤት ለመደወል ከማዕዘን ሱቅ ካርድ ተገዝቶ ቁጥሩ በሳንቲም የሚፋቅበት ነበር። ያለችንን አንድ መኪና ለሥራ እኔ ስለምይዛት፣ ክፍሎም በሰባ ሁለት ቁጥር አውቶብስ ሳን ፓብሎ ጎዳናን ይዞ፣ ኤል ሴሪቶን አቋርጦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከጉልበቱ በታች ነጭ ሆኖ ነው። ሱሪውን በረንዳ ላይ አራግፎ ካልገባ በሩን አልከፍትለትም ነበር። እኔ ራሴ ሆስፒታል ላውንድሪ ክፍል ስለምሠራ የሰው ልብስ ሳጥብ ውዬ ቤቴ ደግሞ ሲሚንቶ አላጥብም። የግቢው ባለቤት ሳሪት የሚባል የካምቦዲያ ሰው ነው፤ አጭር፣ ረጋ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ የወጣትነቱን ዘመን ዘፈን በካሴት የሚሰማ። ጊታሩና ኦርጋኑ ክፍሎምን የአስመራን የድሮ ዳንስ ቤቶች ስለሚያስታውሰው፣ ቃሉ አንድም ሳይገባው ቤት መጥቶ ያንጎራጉረዋል። ሰናይት፣ ልጃችን፣ «ባባ፣ ዋት ላንጉዊጅ ኢዝ ዛት?» ስትለው፣ «የሲሚንቶ ቋንቋ ነው» ይላታል።

ክፍሎም ግን ሲሚንቶ ለማቡካት የተፈጠረ ሰው አልነበረም። በልጅነቱ ከአስመራ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ አለቃ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሯል። አቡጀዲ ወጥሮ፣ ቀለም ቀምሞ፣ ሥዕሉን ጨርሶ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ስንጋባ የእጁ ጥፍር ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበረ። ኦክላንድ ስንመጣ ፓርኪንግ ውስጥ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ቲኬት ቆረጠ፤ ያም ግድ አልሰጠውም። የጎዳው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ የሌላ እምነት አዳራሽ ተከራይታ በየእሁዱ ነበር የምትገለገለው፤ ጠዋት ሥዕሎቹ ይሰቀላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ። ክፍሎም አንድ ቀን ለኮሚቴው ሥዕል ልሥራ ብሎ ጠየቀ። አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል በትሕትና፣ «ጋሽ ክፍሎም፣ ሊዙ ላይ ሚስማርም ማጣበቂያም አይፈቀድም። ደግሞ ፕሪንት አዘናል፤ ይጠቀለላል፣ ሲቆሽሽ ዋይፕ ይደረጋል። እርስዎ አይቸገሩ» አለው። ልጁ በክፋት አልነበረም። ክፍሎምም፣ «ይሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብሩሽ ሲነካ አላየሁትም። እኔም ደፍሬ አንሥቼበት አላውቅም፤ አንዳንድ ቁስል ሲነኩት ይብሳል ብዬ።

ታዲያ አንድ ቀን የዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ክፍሎም ፎቶዎች ይዞ መጣና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ሳን ሆሴ ያሉ የካምቦዲያ ቡድሂስቶች ለቤተ መቅደሳቸው መግቢያ ግድግዳ እንዲሠራላቸው ሳሪትን ጠይቀዋል። መነኩሴያቸው ህንድ ድረስ ለመሳለም ሄደው ሳለ፣ ከጥንት የቡድሃ መቅደስ የድንጋይ በር ላይ ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው፤ የሚፈልጉትም ያንን የሚመስል ቅርጽ ነው። የሳሪት ቀራጭ ደግሞ ትከሻውን ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። ክፍሎም፣ እኔ ልሞክረው ብሎ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሰዎች ከግድግዳው ጣት ያህል ወጣ ብለው ተቀርጸዋል። አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ አበባ የያዘ፣ እጁን ያጣመረ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሁሉም ወደ አንድ ዛፍ ይሄዳሉ። ከዛፉ ሥር ወንበር አለ፤ ከወንበሩ በላይ ጥላ ተዘርግቷል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

«አምላካቸው የታለ?» አልኩት።

«እኔም ሳሪትን ይህንኑ ጠየቅኩት። በጥንቱ ጊዜ ቡድሃን ራሱን አይቀርጹትም ነበር አለኝ። ወንበሩን፣ ዛፉን፣ ሲል ደግሞ የእግሩን ኮቴ ብቻ ነው የሚያሳዩት።»

«ሰዎቹ ታዲያ ለማን ነው የሚሰግዱት?»

«ለእሱ ነዋ። አለ ብለው ነው» አለና ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጋው። እንደዚያ ዓይኑ ሲበራ ካየሁት ስንት ዘመኔ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወይዘሮ ጽጌ የምትባል፣ የሰውን ጉዳይ ከራሷ አስቀድማ የምትከታተል ጎረቤቴ፣ እሁድ ጥግ ይዛኝ፣ «ለተብርሃን፣ ባልሽ ጣዖት ይሠራል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። «ጣዖት አይደለም፣ ወንበር ነው» አልኳት። እንዴት እንደምትመልስልኝ ግራ ገብቷት ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ክፍሎም ግን አስቀድሞ ለንስሐ አባታችን ነግሯቸው ኖሮ፣ እሳቸውም እንጀራህን አትሳት፣ ልብህን ብቻ ጠብቅ ብለውታል። ልቡን መጠበቁን አላውቅም፤ ልቡ በሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበር። ጠዋት ሰባ ሁለት ቁጥርን ሮጦ ይይዛል። የፓርኪንግ ሥራ ላይ ሳለ ጎትቼ ነበር የማስነሣው።

የሳሪት አሠራር እንዲህ ነው። ሽቦ መረብ ላይ ሲሚንቶ በውፍረት ይለሰናል፤ አውራ ጣት ሲጫኑበት ምልክቱ እየቀረ ጣት ላይ ግን የማይጣበቅበት ሰዓት ሲደርስ መቅረጽ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶው ማንንም አይጠብቅም፤ እስኪደርቅ የሠሩት ሠሩት ነው። ሳሪት ለቀረጻው ልዩ ልዩ ቢላዋ ነበረው፤ ክፍሎም ግን የወጥ ቤቴን ማንኪያዎች ወደዳቸው። የሾርባ ማንኪያ ለጉንጭ፣ የሻይ ማንኪያ ለዓይን ጉድጓድ። መጀመሪያ ዛፉን ቅጠል በቅጠል አወጣው፣ ቀጥሎ ወንበሩንና ጥላውን። ሳሪት አይቶ የካሴቱን ድምፅ ከፍ አደረገው። ያ የእሱ ምስጋና ነበር። ከዚያ ለሌላ ሥራ ስቶክተን ሄዶ ጥቂት ቀን ሰነበተ፤ ሰዎቹን ክፍሎም ብቻውን ቀረጻቸው።

መነኩሴው ሊያዩት የመጡ ቀን እኔም ኦፍ ስለነበርኩ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። በጾም ወራት ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ላይ ከቬትናሞቹ ዳቦ ቤት ቶፉ የገባበት ዳቦ እገዛለታለሁ፤ ሁለት ዶላር ነበር፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ስደርስ ሳሪት ከስቶክተን ገና መመለሱ ነበር፤ ግድግዳው ፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሰዎቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። በፎቶው ድንጋይ ላይ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚታዩት ሰዎች እዚህ ትልልቅ ሁለት ዓይን አውጥተው አፍጥጠው ያዩናል። አካላቸው ወደ ወንበሩ ይራመዳል፣ ፊታቸው ግን ለሠርግ ፎቶ እንደተሰለፈ ሰው ወደ ፊት ነው።

እኔ ወዲያው ገባኝ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፣ ፊት ለፊት ያይሃል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ሰማዕታቱን የሚያርዱት ወታደሮች ናቸው። ክፍሎም ይህን የተማረው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ሳሪት «ብራዘር፣ ጀስት ኮፒ ዘ ፎቶ ብዬህ ነበር እኮ» ሲለው፣ ክፍሎም በዚያች ሰባራ እንግሊዝኛው ሊያስረዳው ሞከረ። አልሆን ሲለው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ተናገረ።

«አንዷን ሴትዮ እንደ ፎቶው ጀምሬያት ነበር። አበባ ይዛ ልትሰግድ የምትሄድ ሰው ናት። አንድ ዓይን ሳደርግላት ይሁዳ ሆነችብኝ። ሰው ለጸሎት እየሄደ እንዴት ነው ይሁዳ የማደርገው? እጄ እምቢ አለኝ፣ ለተ።»

ይህን ተርጉሜ ለሳሪት ልነግረው ስል የመነኩሴው መኪና ገባ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብጫ ልብስ፣ የተላጨ ራስ፣ በባዶ እግር ላይ ነጠላ ጫማ። መነኩሴ ሳይ የኖርኩበት ልማድ ይዞኝ፣ እጅ ልሳለም ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። እሳቸው ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ሳሪትም መሃላችን ገባ። ለካ ሴት አይነኩም። አፍሬ ከእጅ የሌላት ሴትዮ ጎን ሄጄ ቆምኩ። እሳቸው ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አዩ። ዛፉን በጣም እንደወደዱት፣ ወንበሩንም እንደወደዱት ሳሪት ተረጎመ። ሰዎቹ ጋ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ቆሙና አንድ ነገር ጠየቁ።

«ወንበሩን የሚያየው ማን ነው? ይላሉ» አለ ሳሪት።

ሳሪት ትርጉሙን ቀጠለ።

«ሁሉም በሩን ነው የሚያዩት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ለእኔ ነው የሚሰግዱልኝ ብሎ ይገባል ይላሉ።»

እውነት አላቸው፤ የሚከፋውም እሱ ነበር። መነኩሴው አልተቆጡም። አዲስ ዓመታቸው በሚያዝያ ነው፤ እስከዚያ ከተስተካከለ መልካም፣ ካልሆነ ግን ኮሚቴው በማሽን የተቀረጸ ከውጭ ለማዘዝ ሐሳብ አለው አሉ። ክፍሎም «በአንድ ዓይን አልሠራም» ብቻ አለ። ዳቦውን ሳይበላ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ቤት ከገባ በኋላ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሰናይት ያኔ ኮሌጅ ልትገባ የደረሰች ነበረች፤ ነገሩን በጨረፍታ ሰምታ፣ «ባባ፣ ዩ ኩድ ጀስት ፊክስ ኢት» አለችው። እሱ ግን ለእኔ ነው የተናገረው፣ ያውም በዝግታ። «ይተዉት። እነሱም ፕሪንት ይግዙ።» አንጀቴን በላኝ። እኔ ሰው ሲያለቅስ አይቼ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ድስት እያጠብኩ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆየሁ። እነዚህ ደግሞ ከመለሱበት፣ ሁለተኛ እጁን ለሥራ እንደማያነሣ አውቃለሁ። ሲሚንቶ እያቡካ፣ አንበሳ ከሻጋታ እያወጣ፣ ዕድሜውን ይጨርሳል። ማንም ሰው አይሞትበትም፣ ኪራዩም ይከፈላል። ግን ያገባሁት ሰው እሱ አልነበረም።

እሁድ መጣና ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ያኔ እግሬ ማበጥ ስለጀመረው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የአዳራሹ ታጣፊ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ቅዳሴው ረዘመ። የማይባለውን ልበልና፣ ሐሳቤ ከቅዳሴው ወጥቶ ፊቴ ያሉትን ሰዎች ማየት ጀመርኩ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስጸልይ የአንዳቸውንም ፊት አይቼ አላውቅም። የማየው ጀርባ ነው። ወይዘሮ ጽጌን በትከሻዋ ማዘንበል አውቃታለሁ፤ ባሏ የሞተባትን ልጅ ነጠላዋን በምታጣፋበት አኳኋን ታውቂያታለሽ ወይ ብትሉኝ አውቃታለሁ። አንዱ በዱላው ይደገፋል፣ አንዱ ማጅራቱ ገና ከፀጉር ቤት የወጣ ነው፣ አንዷ የተኛ ሕፃን ትከሻዋ ላይ ይዛለች። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ። ያንን ለማወቅ ዓይናቸውን ማየት አላስፈለገኝም።

መኪና ውስጥ እንደገባን ነገርኩት። «ከኋላ ሥራቸው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሰዎቹን። ጀርባቸውን። እኔ ቤተ ክርስቲያን እንደማያቸው።»

ቴሌግራፍ ጎዳናን ጨርሰን ታጠፍን። «ጀርባ ዓይን የለውም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያስ? አንድም ዓይን የለ፣ ሁለትም ዓይን የለ። ይሁዳም አይሆኑ፣ በሩንም አያዩ።»

ቀይ መብራት አቁሞን ነበር። አረንጓዴ በርቶ፣ ከኋላችን ያለው ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ አልነዳም።

በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዞ ሰዎቹን ራሱ አፈረሳቸው። ማንም እንዲረዳው አልፈቀደም። ሳሪት መነኩሴውን ደውሎ ሲጠይቃቸው፣ የጥንቶቹ ቀራጮችም አንዳንድ ቦታ ሰዎችን ከጀርባ ቀርጸዋል፣ አይቻለሁ አሉት፤ ስለዚህ ጠብ አልሆነም። ችግሩ ክፍሎም ዕድሜ ልኩን ጀርባ ሠርቶ አለማወቁ ነበር። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ያቆመን ጀመር። እኔ ነጠላ ለብሼ ጀርባዬን ሰጥቼው እቆማለሁ፤ እሱ በእርሳስ ካርቶን ላይ ይሥላል። «ትከሻሽን አትሰብስቢ፣ ሰው እንደሚያይሽ አትሁኚ» ይለኛል። እግሬ ሲያመኝ ሰናይትን በቦታዬ አቆማታለሁ፤ «ባባ፣ ኣር ዊ ደን?» ትለዋለች፣ «ገና ነሽ» ይላታል። ስትስቅ ትከሻዋ ስለሚንቀጠቀጥ ይቆጣታል። ቤታችን በዚያ ሰሞን እንደነበረው ሞቅ ብሎ አያውቅም። በተራችን እየቆምን ለካምቦዲያ ቤተ መቅደስ ጀርባ አበደርን።

ግድግዳው የተተከለው አዲስ ዓመታቸው ከመግባቱ በፊት ነው። በሳሪት ትልቅ መኪና ኤይት ኤይቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ሳን ሆሴ ወረድን፤ እኔም ካልሄድኩ ብዬ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። መነኩሴው ወጥተው አዩት። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተሰልፈዋል፤ ትከሻው የደከመ፣ ፀጉሯን የጠቀለለች፣ ወገቧን በአንድ እጇ የያዘች። አንድ ፊት ብቻ አለ። አንዲት እናት ትከሻዋ ላይ ልጅ ይዛለች፣ ልጁ በትከሻዋ አሻግሮ በሁለት ሙሉ ዓይኑ የሚገባውን ሰው ያያል። ክፍሎም ያንን ሳይነግረን ነው ያደረገው። መነኩሴው ልጁን ሲያዩ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነበር። ከዚያ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። ክፍሎም ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ ሳሪት። ሳሪት ትከሻውን ነቀነቀ።

ክፍሎም ወደ ውስጥ አልገባም፤ የሌላ ቤተ እምነት ነውና ከደጁ ጥላ ሥር ቆመ። እኔም አብሬው። ሰው ጫማውን እያወለቀ መግባት ጀመረ። የመጡት ሁሉ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሳያስቡት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ተሰልፈው ከቆሙት ኋላ እንደደረሰ ሰው ትንሽ ቆም ይላሉ። አንዲት በጣም ያረጁ ሴትዮ፣ ከወገባቸው የጎበጡ፣ ዱላ ይዘው መጡ። የመጨረሻዋን የሲሚንቶ ሴት ትከሻ በመዳፋቸው ነካ አደረጉ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እንዲያሳልፈን ነካ እንደምናደርገው ማለት ነው። ከዚያ አለፉ። ክፍሎም ይህን አየ። ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። እኔ እጁን ልይዘው አስቤ ነበር፤ ግን በአደባባይ መያያዝ ልማዳችን ስላልነበረ ተውኩት።

ስንመለስ ሳሪት እየነዳ፣ መነኩሴው ኋላ ወደ ውስጥ ጠርተውት ከግቢው በስተቀኝ ያለው ሌላው ግድግዳም እንዲሠራላቸው እንደፈለጉ፣ በተለይ የክፍሎምን እጅ እንደጠየቁ ነገረን። ክፍሎም በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ ቆየ። ድሮ፣ ገና እንደተጋባን፣ የደብር ሽማግሌዎች ሥዕል ሊያሠሩ ቤታችን ሲመጡ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቶሎ ሳይመልስ፣ ደጅ ያስጠናቸው ነበር። ያ ኩራቱ የት እንደገባ ከተረሳኝ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

«እስቲ» አለ ክፍሎም፣ «ጊዜ ካገኘሁ አያለሁ።»

ሳሪት ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። «ቢዚ ነው እንዴ?»

«በጣም» አልኩት።